42 ወይስ 44? የስሜን ጭላዳ በሴሉ ውስጥ የያዘው ታሪክ

 

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡና እስኪፈላ እያላችሁ አንብቡት። ስለ ጭላዳ ነው የማወራው። ደረቱ ላይ ስላለው ቀይ ምልክት ወይም ስለ ጎፈሩ ግን አይደለም፤ እሱንማ ሳንቃበር ድረስ የሄደ ሁሉ አይቶታል፣ ፎቶም ተነስቷል። እኔ ዛሬ የማወራው በዓይን ስለማይታየው፣ በሴሉ መሃል በኒውክለሱ ውስጥ ስላለው ነገር ነው።

ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው። የዝንጀሮ ዘመዶች፣ ማለትም ቆላ ያለው ዝንጀሮ፣ የእስያው ማካክ፣ የምዕራብ አፍሪካው ማንድሪል፣ ሁሉም 42 ክሮሞዞም አላቸው። ሚሊዮን ዓመታት አልፈው ቁጥሩ አልተነቃነቀም። በአራዊት ማቆያ ውስጥ ካሉ ጭላዳዎች የተቆጠረውም 42 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት ግን የእኛ የስሜን ጭላዳ 44 እንዳለው አሳየ። አዎ፣ እዚህ ከደባርቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ሳር ሲነጭ የሚውለው።

«ታዲያ ሁለት ቢጨምር ምን ይሆናል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለመመለስ ግን ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብን።

መቁጠር ቀላል አልነበረም

ዋልተር ፍሌሚንግ የሚባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1882 ባሳተመው መጽሐፍ ሴል ሲከፈል በውስጡ ክር የሚመስሉ ነገሮች እንደሚታዩና ለሁለት እንደሚካፈሉ በሥዕል አስቀመጠ። በ1888 ደግሞ ቫልደየር የሚባል ሌላ ጀርመናዊ «ክሮሞዞም» የሚል ስም አወጣላቸው። ከግሪክ የመጣ ቃል ነው፤ «ባለቀለም አካል» ማለት ነው። ለምን ቢባል፣ ማቅለሚያ ሲደረግባቸው ቀለሙን ጥርግ አድርገው ስለሚጠጡ።

ማየቱ አንድ ነገር ነው፤ መቁጠሩ ሌላ። በ1923 አሜሪካዊው ቴዎፊለስ ፔይንተር የሰው ልጅ ክሮሞዞም 48 ነው ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ከ30 ዓመት በላይ ዓለም ሁሉ 48 ብሎ አስተማረ፣ ተማሪውም 48 ብሎ ተፈተነ። እስቲ አስቡት፤ በዚያ ዘመን ፈተና ላይ «46» ብሎ የጻፈ ተማሪ ኤክስ ይደረግበት ነበር።

ችግሩ ክሮሞዞሞቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተከምረው መታየታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 አንድ ዘዴ ተገኘ፤ ሴሉን ጨው ባነሰው ውሃ ውስጥ ሲነክሩት ያብጣል፣ ክሮሞዞሞቹም ይበታተናሉ። ጃቫ የተወለደው ጆ ሂን ትዮ ይህንን ዘዴ አሻሽሎ በስዊድን ሉንድ ከተማ ከአልበርት ሌቫን ጋር ሠራ። በ1955 መጨረሻ ላይ ቆጥሮ ቆጥሮ 46 ብቻ አገኘ። በ1956 ታተመ። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ፈረንሳያዊው ጄሮም ለዠንና ባልደረቦቹ ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ልጆች 47 እንዳላቸው አሳዩ። መቁጠር የሕክምና ጉዳይ መሆኑ ያኔ ታወቀ።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ቁጥር በመጽሐፍ ስለተጻፈ ብቻ እውነት አይሆንም። አንድ ሰው እንደገና ቁጭ ብሎ መቁጠር አለበት። የጭላዳችንም ታሪክ እንደዚሁ ነው።

ኒውክለስ ጆንያ አይደለም

ክፍል ውስጥ ኒውክለስን ስናስተምር ክብ ነገር እንሥልና ውስጡ ጥቂት ክር እንጨምርበታለን። ተማሪው የሚረዳው ክሩ እንደ ተቀቀለ ፓስታ ዝም ብሎ የተዘበራረቀ ነው ብሎ ነው። እንደዚያ አይደለም።

በአንድ የሰው ሴል ውስጥ ያለው ዲ ኤን ኤ ቢዘረጋ ሁለት ሜትር ያህል ይረዝማል። ይህ ሁሉ የተቀመጠው ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ በማይበልጥ ኒውክለስ ውስጥ ነው። ካልተደራጀ አይሠራም። ፈታይ ሴት ክሯን በእንዝርት ላይ እንደምትጠመጥም፣ ዲ ኤን ኤም ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ይጠመጠማል፤ ከዚያም ይታጠፋል፣ እንደገና ይታጠፋል።

ካርል ራብል እ.ኤ.አ. በ1885፣ ቴዎዶር ቦቬሪ ደግሞ በ1909 «ሴሉ በማይከፈልበት ጊዜም እያንዳንዱ ክሮሞዞም የራሱ ግዛት አለው» የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። በኋላ ሐሳቡ ተረሳ፤ ብዙዎች ወደ ፓስታው አዘነበሉ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ቶማስ ክሬመርና ክሪስቶፍ ክሬመር የሚባሉ ጀርመናውያን ወንድማማቾች በጣም ቀጭን የጨረር ነጥብ ተጠቅመው የኒውክለሱን አንዲት ጥግ ብቻ አቃጠሉ። ፓስታው እውነት ቢሆን ኖሮ ያቺ አንዲት ነጥብ የብዙ ክሮሞዞሞችን ቁራጭ ትነካ ነበር። የተጎዱት ግን ጥቂት ክሮሞዞሞች ብቻ ሆኑ። ቦቬሪ ትክክል ነበር ማለት ነው። በኋላ እያንዳንዱን ክሮሞዞም በተለያየ ቀለም መቀባት ሲቻል ግዛቶቹ በዓይን ታዩ።

አቀማመጡም ትርጉም አለው። የሰው 18ኛ እና 19ኛ ክሮሞዞሞች በመጠን ይቀራረባሉ፤ ግን 19ኛው ብዙ ጂን ስላለው ወደ መሃል ይቀመጣል፣ ጂን ያነሰው 18ኛው ወደ ዳር። የማይሠራው፣ ጥቅጥቅ ብሎ የታጠፈው ዲ ኤን ኤ አብዛኛውን ጊዜ ዳር ዳሩን ይይዛል።

በሌሊት በሚንቀሳቀሱ አጥቢዎች ዓይን ውስጥ ግን ይህ ተገልብጦ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በአይጥ ዓይን ውስጥ ብርሃን በሚቀበሉት ሴሎች ጥቅጥቁ ዲ ኤን ኤ መሃል ላይ ተሰብስቦ እንደ ትንሽ ሌንስ ብርሃኑን ያሳልፋል። የቀን እንስሳት ይህ የላቸውም። አያችሁ? አቀማመጥ ራሱ በዝግመተ ለውጥ ይለወጣል።

የገበያው ምሳሌ

አሁን ወደ ቁልፉ ዘዴ እንምጣ። «ሃይ ሲ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ ሆነ። በምሳሌ ላስረዳችሁ።

የደባርቅን ገበያ አስቡ። ከየቀበሌው የመጣ ሰው ሞልቷል። አንድ ሰው በድንገት ፊሽካ ነፋና «ሁላችሁም ባላችሁበት ቁሙ! አጠገባችሁ ያለውን ሰው እጅ ያዙ!» አለ እንበል። ከዚያ እጅ ለእጅ የተያያዙትን ጥንድ ጥንዶች ስም እንመዘግባለን። የአንድ መንደር ሰው አብሮ መጥቶ አብሮ ነው የሚቀመጠው፤ ስለዚህ አብዛኛው ጥንድ የአንድ መንደር ሰው ይሆናል። ማንንም «ከየት መጣህ?» ሳንል፣ ከመዝገቡ ብቻ ማን ከማን መንደር እንደሆነ፣ መንደሮቹም ስንት እንደሆኑ ማወቅ እንችላለን።

ሃይ ሲ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ኒውክለሱን በኬሚካል ባለበት ያደርቁታል፤ ዲ ኤን ኤውን ይቆራርጡታል፤ ጎን ለጎን የተገኙትን ቁራጮች ያጣብቋቸዋል፤ ከዚያ ያነቧቸዋል። በአንድ ክሮሞዞም ላይ ያሉ ቁራጮች በብዛት ተጣብቀው ይገኛሉ። በተለያየ ክሮሞዞም ላይ ያሉት ግን አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ማይክሮስኮፕ ሳይነካ ክሮሞዞሞቹ ስንት እንደሆኑና የትኛው ጂን የት እንደተቀመጠ ይታወቃል። ቁጥሩ የሚገኘው እንግዲህ ከአቀማመጡ ነው።

ቁጥር ይለወጣል፤ እንጀራው ግን ያው ነው

በአጥቢዎች መካከል የክሮሞዞም ቁጥር ያስገርማል። ሙንትጃክ የሚባል የሕንድ ትንሽ አጋዘን አለ፤ ሴቷ 6፣ ወንዱ 7 ብቻ አለው። የቅርብ ዘመዱ የቻይናው ሙንትጃክ ደግሞ 46። በአርጀንቲና በረሃ የምትኖር አንዲት አይጥ 102 አላት። ከ6 እስከ 102! አይጧ ግን ከአጋዘኑ 17 እጥፍ ትበልጣለች ማለት አይደለም። አንድ እንጀራ ለሁለት ብትቆርሱት እንጀራው አይጨምርም፤ ሁለቱን ቁራሽ አንድ ላይ ብታስቀምጡትም አይቀንስም። ክሮሞዞምም ሲሰነጠቅና ሲጋጠም ቁጥሩ ይለወጣል፣ የያዘው መልእክት ግን በአብዛኛው ያው ነው።

እኛም በዚሁ አልፈናል። ቺምፓንዚ፣ ጎሪላና ኦራንጉታን 48 አላቸው፤ እኛ 46። የት ገባ? የትም አልገባም። በእነሱ ሁለት የሆኑት በእኛ አንድ ላይ ተጋጥመው 2ኛው ክሮሞዞማችን ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 መጋጠሚያው ራሱ ተነበበ። ክሮሞዞም ጫፉ ላይ እንደ ጫማ ማሰሪያ ጫፍ የሚጠብቀው ቴሎሜር የሚባል ድግግሞሽ አለው። በ2ኛው ክሮሞዞማችን ሆድ ውስጥ፣ ጫፍ መኖር በማይገባበት ቦታ፣ ሁለት የቴሎሜር ርዝራዦች ፊት ለፊት ተገጣጥመው ተገኙ። የድሮ ስፌት ጠባሳ ማለት ነው።

አሁን ወደ ስሜን

ጭላዳን ለሳይንስ ያስመዘገበው የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፐል ነው። በ1830ዎቹ መጀመሪያ በአገራችን ተዘዋውሮ፣ በስሜንም አልፎ፣ በ1835 ጭላዳንና ዋልያን፣ በኋላም ቀይ ቀበሮን ስም ሰጥቶ አሳተመ። የቀይ ቀበሮ ሳይንሳዊ ስም «ካኒስ ሲሜንሲስ» ነው፤ የስሜን ማለት ነው። ስማችን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በዓለም መጻሕፍት አለ።

ከዚያ በኋላ ጭላዳ በባሕርዩ ተጠና። በ1970ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዛውያኑ ሮቢንና ፓትሲ ደንባር ሳንቃበር ላይ ተቀምጠው፣ የጃፓኑ ማሳኦ ካዋይም ከባልደረቦቹ ጋር፣ ማን ከማን ጋር እንደሚውል፣ ማን ማንን እንደሚያበጥር መዘገቡ። ከ2006 ጀምሮ ደግሞ ጃሲንታ ቢነርና ቶር በርግማን የጀመሩት የጥናት ፕሮጀክት አለ። ጭላዳዎቹን አንድ በአንድ በመልክ ያውቋቸዋል። የማን ልጅ መቼ እንደተወለደ፣ የትኛው ወንድ መቼ እንደተሸነፈ በመዝገብ አለ። የእኛ አካባቢ ልጆችም አብረው ይሠራሉ፤ ይህን የሚያነቡ የማውቃቸው አሉ፣ ሰላም ብያለሁ!

ከዚህ ሥራ ውስጥ ነው እ.ኤ.አ. በ2022 በኬኔት ቺዩ፣ በኖዋ ስናይደር ማክለርና በብዙ ባልደረቦቻቸው የጭላዳ ሙሉ ዲ ኤን ኤ ተነቦ የታተመው። ሃይ ሲን ተጠቅመው ቁራጮቹን ሲገጣጥሙ 21 ጥንድ ይጠብቁ ነበር። 22 መጣ። 7ኛው ክሮሞዞም አልገጥም አለ። በገበያው ምሳሌ፣ አንድ መንደር ነው ሲባል የነበረው ሕዝብ ሁለት ቦታ ተቀምጦ፣ የአንዱ ሰው የሌላውን እጅ አልያዘም።

7ኛው ክሮሞዞም ወገቡ ላይ ተሰንጥቆ ነበር። ሳይንቲስቶቹ ቁጥሩን ላለማዛባት «7ሀ» እና «7ለ» እንደማለት ስም ሰጡት።

ወገብ ያልኩት ሴንትሮሜርን ነው። ሴል ሲከፈል ክሮሞዞሙ የሚጎተተው በእሱ በኩል ነው። ሴንትሮሜር የሌለው ቁራጭ፣ ገመድ እንዳልታሰረበት ጭነት ከበቅሎ ላይ ወድቆ ይቀራል። ስለዚህ ክሮሞዞም የትም ቢሰበር አይተርፍም። ወገቡ ላይ ተሰንጥቆ ለሁለቱም ግማሽ መጎተቻ ከተረፈ፣ ሁለቱም ራሳቸውን ችለው ይኖራሉ። የስሜን ጭላዳ ላይ የሆነው ይህ ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር። የዝንጀሮ ወገኖች 7ኛው ክሮሞዞም በእኛ በሰዎች ከ14ኛውና ከ15ኛው ጋር ይዛመዳል። በዝንጀሮ አንድ ላይ ያለው በእኛ ሁለት ሆኗል። እኛን ባስገኘው የዘር ሐረግም ይኸው ክሮሞዞም በጥንት ዘመን ተሰንጥቋል ማለት ነው። የተሰነጠቀበት ቦታ አንድ ነው እያልኩ አይደለም። ግን ያው ክሮሞዞም፣ ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ዘር፤ ይገርማል።

ምን ያመጣል?

«በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» ይባላል። እናቷ ባዝራ 64 ክሮሞዞም አላት፤ አባቷ አህያ 62። እሷ 63 ይዛ ቀረች። ጎዶሎ ቁጥር። እንቁላል ወይም የወንድ ዘር ሲሠራ ክሮሞዞሞች ከአቻቸው ጋር ጥንድ ጥንድ ሆነው መቆም አለባቸው፤ የበቅሎ ክሮሞዞሞች በቁጥርም በአደረጃጀትም አይገጥሙም። በቅሎ ጭነት ትሸከማለች እንጂ ግልገል አትሸከምም የሚባለው ለዚህ ነው። እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ ወልዳ ታውቃለች።

የስሜን ጭላዳ (44) ከመካከለኛው ኢትዮጵያ ጭላዳ (42) ቢወልድስ? ልጁ 43 ይኖረዋል። ከአንዱ ወላጅ ሙሉ 7ኛ፣ ከሌላው ሁለት ግማሽ። ሦስቱ አንድ ላይ መሰለፍ አለባቸው። ሙሉው ወደ አንድ ወገን፣ ሁለቱ ግማሾች አንድ ላይ ወደ ሌላው ከሄዱ ጤና ነው። አንደኛው ግማሽ ከሙሉው ጋር ከሄደ ግን አንዱ ትርፍ ይይዛል፣ ሌላው ይጎድለዋል፤ ጽንሱም ላይጸና ይችላል።

እዚህ ላይ ግን አንቸኩል። ቁጥር መለያየት ብቻውን መካን አያደርግም። ፕርዘዋልስኪ የሚባለው የሞንጎሊያ የዱር ፈረስ 66 አለው፤ ከለማዳው ፈረስ (64) ጋር ሲዳቀል 65 ያለው ልጅ ይወለዳል፣ ያም ልጅ ይወልዳል። ስለዚህ አጥኚዎቹም ያሉት «የመራቢያ አጥር ሊሆን ይችላል» ነው። «ሆኗል» አላሉም። ይህንን ልዩነት ያዙት። ሳይንስ ሲጻፍ «ይችላል» የምትለዋ ቃል ብዙ ትሸከማለች።

እንዴት ስሜን ላይ ሊጸና ቻለ ለሚለው የሌላ አገር ምሳሌ ልስጣችሁ። ማዴራ የምትባል የፖርቹጋል ደሴት አለች፤ ተራራማ ናት፣ ሸለቆዎቿ ጥልቅ ናቸው። ከሰው ጋር በመርከብ የገባችው የቤት አይጥ ከሺህ ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ በየሸለቆው ተለይታ ስድስት ዓይነት የክሮሞዞም አደረጃጀት አወጣች። የቤት አይጥ በተለምዶ 40 ነው ያላት፤ እዚያ ግን እየተጋጠሙ ቀንሰዋል። ምክንያቱ ገደሉ ነው። ትንሽ ቡድን ተነጥሎ ሲቀር፣ በሰፊው ሕዝብ ውስጥ ይጠፋ የነበረ ለውጥ በአጋጣሚ ጸንቶ ይቀራል።

አሁን ከሊማሊሞ አፋፍ ቆማችሁ ወደ ታች ተመልከቱ። ተከዜ አንድ ወገን፣ የአባይ ሸለቆ ሌላ ወገን። ጭላዳ የደጋ እንስሳ ነው፤ ሳርና ገደል ይፈልጋል፣ ቆላ ወርዶ አይሻገርም። ጥንት ዘመዶቹ ከደቡብ አፍሪካ እስከ ስፔንና ሕንድ ድረስ ነበሩ፤ አጥንታቸው ተገኝቷል፣ እኛ ዘንድም አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ። ከዚያ ሁሉ ወገን ዛሬ የቀረው ይኸው አንዱ ነው፤ እሱም በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ፤ እዚያም ውስጥ የሰሜኑ፣ የመካከለኛውና የአርሲው ተብሎ ተለያይቶ። የአርሲው መኖሩ በሳይንስ የታተመው በ1990 ነው፤ ከአጥኚዎቹ አንዱ ኢትዮጵያዊው ጉርጃ በላይ ናቸው።

ደረትና ደም

ያው ጥናት ሌላም ነገር አለው። ጭላዳዎቹን ቆላ ካሉ ዝንጀሮዎች ጋር ሲያነጻጽሩ ደረታቸው ሰፊ ሆኖ ተገኘ። ሳንባቸው ብዙ አየር እንዲይዝ ይሆናል። ደማቸው ግን አልወፈረም። የቆላ ሰው ከፍታ ላይ ሲወጣ ሄሞግሎቢኑ ይጨምራል፣ ደሙ ይወፍራል። ጭላዳው እንደዚያ አይደለም።

በእኛ በሰዎችስ? እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ እዚሁ ስሜን ውስጥ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ነበር። የሄሞግሎቢናቸው መጠን ከባሕር ጠለል አጠገብ ከሚኖር ሰው ብዙም አይርቅም፤ የደማቸው ኦክስጅን ደግሞ በአማካይ 95.3 በመቶ ሞልቶ ተገኘ። ዓለም «የኢትዮጵያው ዓይነት» ብሎ ለይቶ ያጠናዋል። የአምባው ገበሬና አጠገቡ ያለው ጭላዳ ሁለቱም ደማቸውን ሳያወፍሩ ከፍታውን ችለውታል። በየራሳቸው መንገድ መሆኑን ግን እንዳትረሱ።

ለምን ጻፍኩት?

ሦስት ምክንያት አለኝ።

አንደኛ፣ ጭላዳ ቢጠፋ «ከሌላ ቦታ አምጥተን እንተካለን» የሚል ሐሳብ አይሠራም። በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ አራዊት ማቆያ ያለው ጭላዳ የእኛው ቅጂ አይደለም፤ 42 ነው። የስሜኑ ካለቀ 44 አለቀ። ቢዳቀሉም ምን እንደሚመጣ ገና አልታወቀም። ይህን የምለው ገበሬውን ለመውቀስ አይደለም። ከተማሪዎቼ መካከል ገብስ ከጭላዳ ሲጠብቁ ከክፍል የሚቀሩ ነበሩ፤ በአንድ ቀን የዓመት እህል የተበላበት ቤት አውቃለሁ። ፓርኩ በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ በ1996 «አደጋ ላይ ያለ» ተብሎ፣ በ2017 ከዚያ መዝገብ ሲወጣ፣ ዋጋውን የከፈለው በአብዛኛው የአካባቢው ሰው ነው። የግጭ ነዋሪዎች ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ ዳር የሰፈሩት በ2016 ነው። ስለዚህ ጭላዳው ይጠበቅ ስንል፣ ለተበላው ገብስና ለተለቀቀው ቀዬም መልስ ይኑር ማለታችን ነው። አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም።

ሁለተኛ፣ ይህን ጽሑፍ አንብቦ «የእኛ ጭላዳ ከእነሱ ጭላዳ ይለያል፣ እኛም ከእነሱ...» ብሎ የሚጀምር እንዳይኖር እፈራለሁ። ዘመኑ እንደዚያ ነውና። ልንገራችሁ፦ ከደባርቅ እስከ ሞያሌ፣ ከጋምቤላ እስከ ጅግጅጋ፣ ከአገራችን ወጥቶም ከኖርዌይ እስከ ጃፓን፣ የሰው ልጅ 46 ነው። ሁሉም 2ኛው ክሮሞዞሙ ላይ ያንኑ የስፌት ጠባሳ ይዟል። ያንን ጠባሳ ከአንድ የጋራ ቅድመ አያት ወረስነው። አንዳንድ ሰው በተፈጥሮ ሁለት ክሮሞዞሙ ተጋጥሞ 45 ሆኖ ይገኛል፤ ከሺህ ሰው አንዱ ገደማ። እሱም ጤነኛ ሆኖ ይኖራል፣ በየብሔሩም አለ። ስለዚህ ጭላዳን ለዘር ክርክር ምስክር አድርጎ የጠራ ሁሉ፣ ምስክሩ ዞሮ ይመሰክርበታል።

ሦስተኛው ለተማሪዎቼ ነው። አንድ ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት ክሮሞዞምን ያስተማርኩት በጠመኔ ሥዬ ነው፤ ማይክሮስኮፕ ነበር፣ ሌንሱ ግን አልነበረም። መጽሐፉ ላይ ያለው ምሳሌ የአተርና የፍራፍሬ ዝንብ ነው። ክፋት የለውም። ግን በመስኮቱ በኩል ለሚታየው ተራራ ዓለም ያጠናው ምሳሌ እያለ ልጆቻችን ሳይሰሙት 12ኛ ክፍልን መጨረሳቸው ያንገበግበኛል። ትዮ 46 ብሎ ሲቆጥር ትልቅ ስም አልነበረውም፤ ጥሩ ዘዴ፣ ትዕግሥትና መጽሐፍን እንደገና የመጠየቅ ድፍረት ነበረው። ዛሬ ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ አለ። ፓርኩ እዚሁ ነው። ገና ያልተመለሰ ጥያቄ ደግሞ ሞልቷል፦ 43 ያለው ጭላዳ በዱር አለ ወይ? የ44ቱ ግዛት የት ያልቃል፣ የ42ቱ የት ይጀምራል? ከተከዜ ማዶ ያለው ስንት ነው? የስሜን ቋጥኝ ላይ የሚሯሯጡት አይጦችስ?

ይህንን የሚመልስ ሰው ከዳባት ወይም ከደባርቅ ቢወጣ ደስታዬ ወሰን የለውም። ባዮሎጂ የምታስተምሩ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ምሳሌውን ክፍል ውስጥ ተጠቀሙበት፤ የገበያውን ጨዋታ ልጆቹን አስነስታችሁ አጫውቷቸው፣ ይወዱታል። በሦስት መንደር ከፋፍላችሁ እጅ አስይዟቸውና ከመዝገቡ መንደሮቹን እንዲያወጡ አድርጉ።

ጥያቄ ያለው ከታች ይጻፍ፤ ከትምህርት ሰዓት ውጭ እመልሳለሁ። ገብስ ጥበቃ ላይ ያደጋችሁ ደግሞ ስለ ጭላዳ የምታውቁትን ጻፉልን፤ ወንዱ ሲሸነፍ ምን እንደሚያደርግ፣ ክረምት ላይ የት እንደሚያድር። ሳይንቲስቱ መዝገብ ከመያዙ በፊት ያያችሁት እናንተ ናችሁ።

ሰላም ዋሉ።